የዋሻው ሻርክና የመገጭ ነጭ ዓሣ

በፋሲል ግቢ የማለዳው ባለቤቶች ርግቦች ናቸው። የመግቢያው በር ሳይከፈት፣ አስጎብኚው ሳይደርስ፣ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ይመላለሳሉ። መልካቸው አመድማ ሆኖ ማጅራታቸው ላይ ነጭ ምልክት አለባቸው። ከፍ ካለው ማማ ጫፍ ደግሞ መንቆሩ የወፈረ ትልቅ ቁራ ይቀመጣል፤ የእሱም ማጅራት ነጭ ነው። የሩቅ አገር ጎብኚ ግንቡን ትቶ ካሜራውን ወደ እነዚህ ወፎች የሚያዞረው በአገሩ ስለማያገኛቸው ነው። የጎንደር ልጅ ግን ቀና ብሎም አያያቸው፤ ከተወለደ ጀምሮ አሉ።

ከጎንደር ተነስቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ደግሞ ሌሎቹን ያገኛል። ገደል አፋፍ ላይ ሣር የሚነጨውን ጭላዳ፣ ከቋጥኝ ቋጥኝ የሚዘለውን ዋልያ፣ ዕድል ከቀናው ከፍ ባለው ውርጭ ላይ አይጥ ላይ የሚያደባውን ቀይ ቀበሮ። እነዚህ አምስቱ፣ ሁለቱ ወፎችና ሦስቱ አውሬዎች፣ አንድ የሚያገናኛቸው ነገር አለ። ሁሉንም በሳይንስ መዝገብ ስም ሰጥቶ ያስገባቸው አንድ ሰው ነው፤ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል።

በዚያው ሰው መዝገብ፣ በዚያው የመጽሐፍ ተከታታይ ውስጥ አንድ ትንሽ ሻርክም አለ።

ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1794 ተወልዶ በ1884 ያረፈ ተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። በ1820ዎቹ በግብፅ፣ በሲናና በቀይ ባሕር ዳርቻ ተዘዋውሮ ነበር። ሁለተኛው ጉዞው ወደ እኛ ነው፤ በ1831 ምፅዋ ደረሰ፣ በዳርቻው ቆይቶ ወደ ደጋ ወጣ፣ ስሜንን አቋርጦ በ1832 መጨረሻ ጎንደር ገባ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ ንጉሥ የሚባል ሰው ይነግሣል፣ ይሻራል፤ ሥልጣኑ ያለው ግን በራስ ዓሊ ቤት ነው፤ ስሜንና ትግሬ ደግሞ በደጃዝማች ውቤ እጅ ናቸው። በዚህ መሐል አንድ ጀርመናዊ ወፍ እየገፈፈ፣ ዓሣ በአልኮል እየዘፈዘፈ፣ ብራና እየገዛ ወራት ተቀመጠ። የገዛቸውን የግዕዝ መጻሕፍት ለትውልድ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሰጣቸው፤ እንስሳቱ ዜንከንበርግ ወደሚባለው የፍራንክፈርት ሙዚየም ገቡ። የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1839 የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። ከእሱ ስድሳ ዓመት ቀድሞ ጎንደር የኖረው ጄምስ ብሩስ ስሙ በአስጎብኚዎች አፍ ሁሉ አለ። ሩፔልን የሚያነሳ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ አይገኝም። እኔ ከሁለቱ የሚበልጠው ሥራ የሩፔል ነው ባይ ነኝ፤ ብሩስ ታላቅ ታሪክ ተራኪ ነበር፣ ሩፔል ግን ማንም ሄዶ ሊያየውና ሊፈትሸው የሚችል ነገር ትቶ አልፏል።

ከ1835 እስከ 1840 ባለው ጊዜ በክፍል በክፍል የታተመው ያ ሥራው ርእሱ «ከአቢሲኒያ እንስሳት ወገን የሆኑ አዳዲስ ባለ አከርካሪዎች» የሚል ነው። ጭላዳና ዋልያ በ1835 ገቡ፤ ቀይ ቀበሮ በ1840። የቀይ ባሕር ዓሦች የራሳቸው ክፍል አላቸው፤ በ1837ቱ ገጾች ላይ የክንፉና የጅራቱ ጫፍ ነጭ የሆነው ትንሹ የኮራል ሻርክ ይገኛል። ሩፔል የሰጠው የመጀመሪያ ስም ካርካሪያስ ኦቤሰስ ነበር፤ ዛሬ ሳይንቲስቶች ትራይኖዶን ኦቤሰስ ይሉታል። በ1960 የዜንከንበርጉ የዓሣ አጥኚ ቮልፍጋንግ ክላውዜቪትስ ከሩፔል ናሙናዎች አንዱን፣ ጅዳ አጠገብ የተያዘውን፣ የዝርያው መለያ ናሙና አድርጎ መረጠው። እንግዲህ ከሐዋይ እስከ ፓናማ፣ ከአውስትራሊያ እስከ ዛንዚባር ያለ ጠላቂ ዋናተኛ የሚያውቀው ይህ ሻርክ በዓለም ፊት የቀረበው «አቢሲኒያ» የሚል ርእስ በያዘ መጽሐፍ ነው።

ደጋውንና ባሕሩን በአንድ ጥራዝ ማሰሩ ለሩፔል የጉዞ መንገዱን መከተል ብቻ ነበር። እኔን ግን ሌላ ነገር ያሳስበኛል። ሻርኩና ከጎንደር በታች ጣና ውስጥ ያለው አዳኝ ዓሣ የኑሮ ዘይቤያቸው በአንድ ቁም ነገር ይመሳሰላል፤ አደጋቸውም ከዚያው ይመነጫል።

ቀን የሚተኛ፣ ሌሊት የሚያድን

ሻርክ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በፊልም ያየነውን ነው፤ ሰው የሚበላ፣ ክንፉን ከውሃ በላይ አውጥቶ የሚዞር ግዙፍ ፍጥረት። ይኸኛው እንዲያ አይደለም። ቀጭን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፤ በጣም ትልቁ ሁለት ሜትር ቢሞላ ነው። ራሱ አጭርና ሰፊ፣ ዓይኖቹ ሞላላ ናቸው፤ ከአፍንጫው ጎን ትንንሽ የቆዳ ጥቅልሎች ተንጠልጥለዋል። በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት ጥቂት ነው፤ እሱም ሰው ሲነካካው ወይም ዓሣ ወግቶ በእጁ ይዞ ሲገኝ የደረሰ ነው። የተወጋ ዓሣ መስረቅ ይወዳል።

ብዙ ሻርኮች ለመተንፈስ መዋኘት አለባቸው፤ ውሃው በስንጥባቸው በኩል የሚያልፈው ሲንቀሳቀሱ ነው። ይህ ሻርክ ግን በአፉ እየሳበ ውሃውን በስንጥቡ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ባሕሩ ወለል ላይ ዝም ብሎ መተኛት ይችላል። ቀኑን የሚያሳልፈው በኮራል ዋሻ ውስጥ ወይም በቋጥኝ ሥር ነው፤ አንዳንዴ ብዙዎቹ አንድ ዋሻ ውስጥ ተደራርበው ይታያሉ። ያንኑ ዋሻ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይመላለስበታል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከ8 እስከ 40 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ሲሆን እስከ 330 ሜትር ድረስ የታየበት ጊዜ አለ።

ሲመሽ ይነሳል። ሌሎች የኮራል ሻርኮች ከኮራሉ በላይ ባለው ገላጣ ውሃ ሲያሳድዱ እሱ የሚያድነው ከኮራሉ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ሌሊት ዓሦች ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ያንቀላፋሉ፤ ኦክቶፐሱ፣ ሸርጣኑና ሎብስተሩ እዚያው አሉ። ሻርኩ በማሽተትና ከእንስሳት ሰውነት በሚወጣ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት እየተመራ ራሱን ስንጥቁ ውስጥ ይወትፋል፤ ሰውነቱን እያጣመመ ይገባል፤ አንዳንዴ በሌላው በኩል ይወጣል። ቆዳው ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ የኮራሉ ስለት አይተለትለውም። ብዙ ሆነው ሲወጡ ደግሞ ጉድጓዱን በየአፉ ይከቡታል፤ ከአንዱ ያመለጠ ዓሣ ሌላው አፍ ላይ ይጠበቃል። የሚያባርሩት ግን እየተባበሩ ነው ለማለት አያስደፍርም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ሆድ ነው።

ስለ መዋለዱ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህ ሻርክ እንቁላል በትኖ የሚሄድ ፍጥረት አይደለም። ይወልዳል፤ ፅንሱም በእትብት ከእናቱ ጋር የተያያዘ ነው። እርግዝናው ከ10 እስከ 13 ወር ይቆያል። በአንድ ጊዜ የሚወለዱት ከአንድ እስከ ስድስት ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ ሲወለዱ ርዝመታቸው ግማሽ ሜትር ግድም ነው። ያ ግልገል ራሱ ለመውለድ ስምንት ዓመት ያህል መጠበቅ አለበት። በዚህ ስሌት አንድ ዓሣ አጥማጅ በአንድ ሌሊት ከአንድ ዋሻ የሚያወጣቸውን ለመተካት ባሕሩ አሥር ዓመት አይበቃውም።

ቢያልቁ ከሌላ ቦታ ይመጣሉ እንዳይባል፣ ያ አይሆንም። በፓስፊክ መካከል ባለው ጆንስተን ደሴት ምልክት ተደርጎባቸው የተለቀቁ ሻርኮች እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ የሄዱት ከ300 ሜትር እስከ 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ከፋሲል ግቢ እስከ ፋሲለደስ መዋኛ ያለው መንገድ ለአንድ ሻርክ የዕድሜ ልክ አገሩ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህ ልማዱ ጥሩ መረጃ ሰጪም አድርጎታል። ቤቱ ስለማይለወጥ ጉዳቱን መቁጠር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል አጥር ላይ የተሠራ ጥናት ማጥመድ የተፈቀደባቸውን ቦታዎች ሰው ጨርሶ እንዳይገባ ከተከለከለባቸው ጋር አነጻጸረ፤ በተፈቀደባቸው ዘንድ የነጭ ጫፉ ሻርክ ብዛት በ80 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ2020 በ58 አገሮችና ግዛቶች 371 የኮራል ቦታዎች ላይ በውሃ ውስጥ ካሜራ የተደረገ ፍተሻ ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ያህል ላይ አንድም ሻርክ አላሳየም። በ2023 የወጣው ተከታይ ጥናት ነጭ ጫፉን ጨምሮ አምስቱ ዋና ዋና የኮራል ሻርኮች በአማካይ በ63 በመቶ እንዳሽቆለቆሉ ገመተ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን ዝርያ ለመጥፋት ተጋላጭ ብሎ መዝግቦታል።

ኢትዮጵያ እነዚህን ሻርኮች በሕግ የራሷ የምትልበት ጊዜ ነበር። የዳህላክ ደሴቶች ኮራል በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለጣሊያናዊው ፎልኮ ኩዊሊቺ የፊልም ሥፍራ ሆኗል፤ በ1960ዎቹ የእስራኤል ተመራማሪዎች እዚያ ናሙና ሰብስበዋል። ኤርትራ በ1993 ነጻ ስትወጣ ኮራሉም ሻርኩም ከኢትዮጵያ መዝገብ ወጡ። ከዚያ በኋላ ለጎንደሬ ሻርክ የቴሌቪዥን ነገር ሆነ።

ተፈጥሮም ቢሆን አያገናኘንም። ስሜንና ወገራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በምሥራቅ በኩል ወደ ተከዜ፣ በደቡብ በኩል ወደ ጣና ይወርዳል፤ ሁለቱም መጨረሻቸው ናይል ነው። ቀይ ባሕር የሚደርስ አንድ ጠብታ ከጎንደር አይወጣም። የወገራ አፈር ኮራል አይቀብርም ማለት ነው። የሚቀብረው ሌላ ነገር ነው።

ጥርስ የሌለው አዳኝ

ሩፔል ከጎንደር ቆይታው ከጣና ያገኛቸውን ዓሦች ለብቻ ጽፏቸዋል፤ የአባይ ዓሦች በሚለው ሥራው ውስጥ። ስማቸውን ከአካባቢው ሰው አፍ እንደሰማው ጻፈ፤ ቤሶ፣ ሱርኪስ፣ ጎርጓሪ፣ ነድጊያ እያለ። ከእነዚህ ሦስቱ ዛሬ በአንድ ጅምላ ስም ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን ናቸው። ጎርጎራ ወይም ባሕር ዳር ላይ ዓሣ የበላ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀረሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ነጭ ዓሣ አለ። አጥንቱ ስለሚበዛ ሰው ከቀረሶ በታች ያደርገዋል፤ ለጥብስ ቀረሶ፣ ለወጥ ነጭ ዓሣ የሚልም አለ።

ነጭ ዓሣ ግን አንድ ዓሣ አይደለም። ለዚህ ጉዳይ ሳይንሱ ራሱ ሲወዛወዝ ኖሯል። ሩፔል የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ብሎ ጀመረ። በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ በ1937፣ በጆቶ ዳይኔሊ የተመራ የጣሊያን ጥናት ቡድን ጣና ላይ ሠራ፤ ጆርጆ ቢኒ የተባለው የቡድኑ የዓሣ ሰው በ1940 ብዙ ዝርያና ንዑስ ዝርያ ቆጥሮ አሳተመ፤ አንዱን ለአለቃው ዳይኔሊ፣ አንዱን ለጎርጎራ ሰየመ። በ1973 የብሪታንያው ኪት ባኒስተር ያን ሁሉ ጠራርጎ አንድ ዝርያ ነው አለ። ለሃያ ዓመት ያህል መጻሕፍቱ እሱን ተከተሉ። በ1990ዎቹ ሆላንዳውያኑ ሌኦ ናሄልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ አንድ በአንድ ለክተው፣ አፋቸውን፣ ዓይናቸውን፣ የሚበሉትን መርምረው ሌላ ታሪክ ይዘው መጡ። በ2000 ባወጡት ሥራ አሥራ አምስት የሚሆኑ ዝርያዎች እንዳሉ አስረዱ። ሩፔል ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት የጻፋቸው ስሞች ተመልሰው ነፍስ ዘሩ።

ነገሩ ከስም አወጣጥ ክርክር በላይ ነው። ነጭ ዓሣ የካርፕ ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ያላቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። በወጉ የተሠራ ጨጓራም የላቸውም። የሚበሉት እፅዋት፣ ትል፣ ጥቃቅን ነገር ነው፤ ዓሣ የሚበላ አዳኝ ከእነሱ መካከል መውጣቱ በዓለም ዙሪያ እንግዳ ነገር ነው። ጣና ላይ ግን ከአሥራ አምስቱ ስምንቱ ዓሣ በሊታ ሆነው ተገኙ። ላቤዮባርበስ ሜጋስቶማ የሚባለው ትልቅ አፍ አለው፤ አኩቲሮስትሪስ አፉ ሾጣጣ ነው፤ ጎርጓሪ ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው። የሚያድኑት ባብዛኛው በሐይቁ ያሉትን ትንንሽ ዘመዶቻቸውን ነው፤ ጉሮሯቸው ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ዓሣ ሊውጡ አይችሉም።

ለምን እዚህ? ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው እንጂ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር አይበልጥም። ከ15 ሺህ ዓመታት በላይ በፊት ጨርሶ ደርቆ እንደነበር የደለሉ ምርመራ ያሳያል። ሲሞላ አዲስ ቤት ሆነ፤ ከታች ጢስ እሳት ፏፏቴ ደግሞ 40 ሜትር ያህል ወርዶ ከአባይ ዓሦች አጠረው። የናይል አዳኞች፣ እነ ናይል ፐርች፣ መውጣት አልቻሉም። ከአምባዛ በቀር የሚፎካከር አዳኝ ስላልነበረ ክፍቱን ቦታ ጥርስ የሌለው ነጭ ዓሣ ያዘው። በጣና ካሉት 28 ያህል የዓሣ ዝርያዎች 20ው በሌላ የምድር ክፍል አይገኙም።

ሻርኩ ከዋሻው ጋር እንደተጣበቀ፣ ነጭ ዓሣም ከአንድ ዓይነት ቦታ ጋር ተጣብቋል። ግማሽ ያህሉ ዝርያ ሐይቅ ውስጥ እንቁላል አይጥልም። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ ወደ ወንዞቹ አፍ ይሰበሰባል። በምሥራቅ ጉማራና ርብ፣ በደቡብ ግልገል አባይ፣ በሰሜን ደግሞ የጎንደር ወንዞች፣ መገጭና ድርማ ናቸው። ውሃው ሲሞላ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዋናው ወንዝ ወደ ገባሮቹ ይገባል፤ የሚፈልገው ጥርት ያለ፣ እየተንፎለፎለ ጠጠር ላይ የሚያልፍ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። እንቁላሉ ጠጠሩ መካከል ገብቶ አየር ያለው ውሃ ማግኘት አለበት። ዝርያዎቹ በጊዜና በቦታ ይከፋፈሉታል፤ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ከፍ ብሎ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን፣ እሸቴ ደጀንና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ዋሴ አንተነህ መገጭና ድርማ ላይ መረብ ጥለው ይህን ጉዞ መዝግበዋል። ወላጆቹ እንቁላሉን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፤ ጫጩቶቹ በወንዙ ኩሬዎች ይቆያሉ።

መገጭ ማን ነው

መገጭን የማያውቅ ጎንደሬ የለም፤ የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። ከከተማው በስተ ሰሜን ካለው ደጋ ይነሳል፤ የጎንደርን ሁለት ወንዞች፣ አንገረብንና ቀሃን፣ ይቀበላል፤ በአዘዞ በኩል ወደ ደንብያ ሜዳ ይወርዳል፤ ጣና ይገባል። ጥምቀት ሲደርስ የፋሲለደስን መዋኛ የሚሞላው የቀሃ ውሃ ነው። የጎንደርን ቧንቧ የሚሞላው አንገረብ ላይ የተሠራው ግድብ ነው፤ እሱም ከዓመት ዓመት በደለል እየተሞላ ችግር ሆኖ ቆይቷል። በእነዚህ ሁለት ወንዞች የከተማው ቆሻሻም ይወርዳል። ስለዚህ ጎንደር ከተማ ከጥምቀቱ ውሃ አንስቶ እስከ እቃ ማጠቢያው እጥበት ድረስ ከነጭ ዓሣ መዋለጃ ወንዝ ጋር የተያያዘች ናት።

ነሐሴ ላይ አዘዞ ድልድይ የቆመ ሰው የጠላ አተላ የመሰለ ውሃ ሲያልፍ ያያል። ያ የወገራና የላይ አርማጭሆ የእርሻ አፈር ነው። ተዳፋት ላይ የታረሰ ማሳ ዝናብ ሲመታው የሚሄደው ወደዚሁ ነው። ዓሣው ጥሩ ጠጠር አግኝቶ እንቁላሉን ቢጥል እንኳ ደለሉ ከላይ ተነጥፎ ያፍነዋል። በጋ ላይ ደግሞ ወንዙ ይቀጥናል፤ በግራ በቀኝ የውሃ ፓምፖች ተደርድረው ሽንኩርትና ሌላ አትክልት ያጠጣሉ፤ ጫጩቶቹ የቀሩባቸው ኩሬዎች ይደርቃሉ። አሸዋና ጠጠር ለግንባታ የሚጭኑ መኪኖች ደግሞ መዋለጃውን ራሱን ቀርፈው ይወስዱታል። ከከተማው በታች ለመስኖና ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተጀመረው ትልቁ የመገጭ ግድብ ከአሥር ዓመት በላይ ሲጓተት ቆይቷል፤ ሲያልቅ ደንብያን ማጠጣቱ መልካም ነው፤ ዓሣው ወደ ላይ የሚያልፍበት መንገድ ግን ከግድግዳው ኋላ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ሳይበቃ፣ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም በጣና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2004 ዓ.ም መጀመሪያ የታየው እዚሁ በመገጭ አፍ አካባቢ ነው። ዓሣው ወደ ወንዝ የሚሰበሰብበት ደጃፍ ማለት ነው።

ከሁሉ ግን ፈጣኑ ጉዳት ማጥመዱ ነው። ድሮ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ይወጡ ነበር፤ ታንኳው ዛሬም አለ፣ ጎርጎራ ዳርቻ ላይ ተገልብጦ ፀሐይ ሲሞቅ ይታያል። ያ ዓሣ ማጥመድ ከዳር የማይርቅ፣ ለአፍ የሚሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በግብርና ሚኒስቴርና በሆላንድ የእርዳታ ድርጅቶች በተጀመረው ፕሮግራም ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ገበያ ተገኘ፣ ሰው ሥራ ያዘ። ነገር ግን መረብ የሚያስቀምጥ ሰው ዓሣ የሚበዛበትን ቦታና ጊዜ ቶሎ ያውቃል፤ ለነጭ ዓሣ ያ ቦታ የወንዝ አፍ፣ ያ ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነው። እንቁላል የተሸከመችው ሁሉ በአንድ በር ስታልፍ በሩ ላይ መረብ ተዘረጋ። ወንዙ ውስጥ ደግሞ ብርብራ አለ፤ የዛፉን ፍሬ አድርቀው ወቅጠው ውሃው ላይ ይበትኑታል፤ ዓሣው ይሰክራል፣ ይንሳፈፋል፣ በእጅ ይለቀማል። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ጫጩቱንም ጨምሮ ይገድላል።

ውጤቱን ተመራማሪው ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ለክተውታል። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት በወንዝ የሚዋለዱት የጣና ነጭ ዓሦች ቁጥር በ75 በመቶ ወረደ፤ የልጆቹ ቁጥር ደግሞ በ90 በመቶ። የዓለም የኮራል ሻርኮች 63 በመቶ ወረዱ ሲባል ጋዜጦች በትላልቅ ርእስ ጽፈውታል። ከጎንደር የአንድ ሰዓት መንገድ የሆነው ውድቀት ከዚያ የባሰና የፈጠነ ሆኖ ሳለ በቀበሌ ስብሰባ እንኳ ሲነሳ አይሰማም።

ሁለቱን አዳኞች ጎን ለጎን ሳያቸው ግን ለነጭ ዓሣ የሚሻል ተስፋ አያለሁ። ሻርኩ በሁለት ዓመት ሁለትና ሦስት ነው የሚወልደው፤ ቢተዉትም የሚያገግመው በዝግታ ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ በአንድ ክረምት እንቁላሉን በሺዎች ይጥላል። የሻርኩ ዋሻ በሺህ ደሴቶች ተበትኗል፤ ጠባቂ ለመመደብ አገሮች መስማማት አለባቸው። የነጭ ዓሣው በር ግን በጣት የሚቆጠሩ ወንዞች ናቸው፤ የሰሜኑ ሁለቱ በአንድ ዞን ውስጥ ናቸው። ሻርኩ ዓመቱን ሙሉ ጥበቃ ይፈልጋል፤ ነጭ ዓሣ የሚፈልገው ሦስት ወይም አራት ወር ነው።

ሕጉም የለም አይባልም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ በመርዝ ማጥመድ ክልክል ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። የጎደለው ነሐሴ ላይ መገጭ አፍ የሚቆም ሰው ነው። ዓሣ አጥማጁን ብቻ መክሰስ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። ወይጦውም የደንብያው ወጣትም በእነዚያ ወራት ምን ይብላ ለሚለው መልስ ያልያዘ ክልከላ ወረቀት ላይ ይቀራል። ወንዙ አፍ ሲዘጋ ገላጣው ሐይቅ ላይ ቀረሶ ማጥመድ ይፈቀድ፤ ጥበቃውን ራሳቸው አጥማጆቹ ይያዙት፤ አበል ይከፈላቸው። ለእምቦጭ ነቀላ ስንት ሺህ ሰው እንደተሰለፈ እናውቃለን። ለሁለት ወንዝ አፍ ሃያ ሰው አይጠፋም።

ገበያውም ድርሻ አለው። የነጭ ዓሣ ትልቁ ጉዞ ከጾመ ፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የሊቃውንት ነው፤ እኔ አልገባበትም። የሚበላ ግን አለ፤ በዚያ ሰሞን ጎንደር ላይ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል። ስለዚህ አንባቢዬ፣ በነሐሴ ወይም በመስከረም ጎንደር ወይም ጎርጎራ ላይ ዓሣ ቤት ከገባህ ሆዷ በእንቁላል የተሞላ ነጭ ዓሣ ሲያቀርቡልህ ተው። ቀረሶ እዘዝ።